ለአባባ፦ ሳሳው ዛፍ ላይ ስላለችው አበባ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
መጋቢት 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ አባባ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ? የላክሁልዎ ቅባት ረዳዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹም ደህና ናቸው። ትልቋ የፊት ጥርሶቿን ጥላ አዲስ እያበቀለች ነው። ስትስቅ እማዬን ትመስላለች።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ይገርምዎ ይሆናል። በስልክ ግን ግማሹ ጊዜ “ይሰማል? አይሰማም” ስንባባል ያልቃል። የዛሬው ወሬ ደግሞ ረጋ ተብሎ የሚወራ ነው። ፊደሉን ትልቅ አድርጌ ያተምኩት ለዓይንዎ እንዲቀልልዎ ነው። ከደከመዎት እህቴ ታንብብልዎ። ጉዳዩ ስለ አበባ ነው። ስለ ዛፎችዎም ነው።

ባለፈው የካቲት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ትልቋን ይዤ ዋሽንግተን ከተማ ኦርኪድ የሚባለውን አበባ ኤግዚቢሽን ለማየት ሄድኩ። በየዓመቱ በብርዱ ወራት የሚዘጋጅ ነው። ስሚዝሶንያን የሚባለው የሙዚየሞች ድርጅት የአትክልት ክፍልና የአገሪቱ የዕፅዋት ማዕከል በጋራ ያዘጋጁታል። መግቢያው በነፃ ነው። ከሰፈራችን በቀዩ የባቡር መስመር ተሳፍረን ጋለሪ ፕሌስ ወረድን። ከዚያ መንገዱን መሻገር ብቻ ነው።

ሕንፃው የድሮ ነው። መጀመሪያ የፈጠራ ሥራ የሚመዘገብበት መሥሪያ ቤት ነበር። በእርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜ ቁስለኞች ተኝተውበታል። በ1865 እ.ኤ.አ. ሊንከን ለሁለተኛ ጊዜ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ግብዣው የተደረገው እዚያው ነው። አሁን የሥዕል ሙዚየም ሆኗል። መሃል ላይ ሰፊ ግቢ አለው፤ ግቢውን እንዳለ የመስታወት ጣሪያ አልብሰውታል። ጣሪያው ነፋስ ያነሳው ነጠላ ይመስላል። ውጪ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ውስጥ ገብተን ካፖርታችንን ስናወልቅ ግን ያ እርጥብ፣ ለስላሳ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ዝናብ ካባራ በኋላ የእኛ ቡና ማሳ የሚሸተው ሽታ ነው አባባ። ቆሜ ቀረሁ። ልጅቷ እጄን ጎተተችኝ።

ያየሁትን ሁሉ ልዘርዝር ብል ወረቀቱ አይበቃኝም። ቢጫ፣ ወይን ጠጅ፣ ነብር የመሰለ ነጠብጣብ ያለበት፣ ከንፈሩ እንደ ጫማ የጎደጎደ። ሥሩ አፈር ሳይነካ ከሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ በአየር የሚኖርም አለ። በዓለም ላይ ወደ 28,000 የሚጠጉ የኦርኪድ ዓይነቶች ይታወቃሉ። የእኛም አገር ከ150 በላይ አላት። ይህን ሳውቅ አፈርኩ። ከቡና ማሳ ውስጥ ወጥቼ፣ ያደግኩበትን ጫካ ባሕር ተሻግሬ በባዕድ አገር ልማረው?

አሁን እርስዎ “ለመሆኑ ጥቅሙ ምንድን ነው?” እንደሚሉ አውቃለሁ። 30 ዓመት ገበሬ ሲያስተምር የኖረ ሰው እንዲህ ቢጠይቅ ልክ ነው። ለኬክ የሚገባውን ቫኒላ ያውቁታል አይደል? እሱ የኦርኪድ ፍሬ ነው። ታሪኩን ሲሰሙ ይወዱታል። የቫኒላ ሐረግ የሜክሲኮ ነው። ፈረንሳዮች ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ወዳለችው የሬዩኒየን ደሴት ወስደው ተከሉት። አበበ፤ ፍሬ ግን አልሰጥ አለ። በአገሩ የሚያራቡት ነፍሳት እዚያ የሉማ። መፍትሔውን ያገኘው ሊቅ ሳይሆን ኤድመንድ አልቢየስ የሚባል የ12 ዓመት ባሪያ ልጅ ነው፤ በ1841 እ.ኤ.አ.። በቀጭን ስንጥር አበባው ውስጥ ያለችውን ስስ ሽፋን ገለጥ አድርጎ፣ ወንዴውንና ሴቴውን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ አገናኛቸው። በቃ። እስከ ዛሬ የቫኒላ ገበሬ የሚሠራው በዚያ ልጅ ዘዴ ነው። እርስዎ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ለትንንሽ ልጆች ሳይቀር ሥራ ሲያሳዩ “የልጅ እጅ አይናቅም” የሚሉት ትዝ አለኝ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ቫኒላ አይደለም።

ወደ አንዱ ጥግ ስንደርስ አንድ ነጭ አበባ አየሁ። ሰም የተቀባ የሚመስል ነጭ ነው፤ እንደ ኮከብ ተዘርግቷል። ከበስተጀርባው ረጅም ቀጭን ጭራ ወደ ታች ተንጠልጥሏል፤ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የማዳጋስካር አበባ ነው። የተፈጥሮ ተመራማሪው ቻርልስ ዳርዊን ይህን አበባ አይተው በ1862 እ.ኤ.አ. አንድ ነገር ጻፉ። ማሩ ያለው ጭራው ጫፍ ላይ ነው፤ ስለዚህ ምላሷ ያን ያህል የሚረዝም የእሳት እራት የግድ መኖር አለባት አሉ። በሕይወታቸው አላዩዋትም። ከሞቱ ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ1903 እ.ኤ.አ.፣ እንዲህ ያለችው የእሳት እራት ተገኝታ ስም ወጣላት።

እኔ ግን ያን አበባ ሳይ ዳርዊን አይደሉም ትዝ ያሉኝ። የእኛ ዛፎች ናቸው። የኛው አበባ ይነስ እንጂ መልኩ ያው ነው። ነጩ ያው ነው፣ ጭራው ያው ነው፣ ቆዳ የመሰለው ወፍራም ቅጠል ያው ነው። አጠገቡ የቆሙትን አስተናጋጅ ጠየቅኳቸው። በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ አረጋዊት ሴት ናቸው። “ከኢትዮጵያ ነኝ፣ ቡና ማሳችን ውስጥ ይህን የሚመስል ነበር” አልኳቸው። ዓይናቸው በራ። የአፍሪካው ዘመዱ ኤራንጊስ እንደሚባል ነገሩኝ። ቤት ገብቼ አነበብኩ። ኤራንጊስ ብራኪካርፓ የሚባለው ዓይነት ከኢትዮጵያ ጀምሮ ወደ ደቡብ በዛፍ ላይ የሚበቅል ነው። በሳይንስ መዝገብ መጀመሪያ የተጻፈው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከእኛ አገር በተወሰደ ናሙና ነው።

አባባ፣ ያን ዓመት ያስታውሳሉ? እኔ 11 ወይ 12 ዓመቴ ነበር። የቡናውን በሽታ የሚቋቋመውን፣ 74110 የሚባለውን የቡና ዝርያ ተክለው የጥላ ዛፎቹን ያፀዱ ጊዜ። “አንተ ቀላል ነህ፣ አንተ ውጣ” ብለው ወገቤን በገመድ አሰሩኝ። ብርብራው ላይም፣ ዋንዛው ላይም ወጣሁ። “ተቀጽላውን ቁረጥ። ዛፉ ላይ የተጣበቀውን ሁሉ አራግፍ፤ ደሙን ነው የሚመጠው” አሉኝ። አራገፍኩ። ስወጣና ስወርድ ሦስት ቀን ፈጀ። ነጫጭ ሥር ያላቸው፣ ቅርፊቱን ሙጭጭ ያሉ ተክሎች ነበሩ። አልላቀቅ ሲሉኝ በቢላ ፈለቀቅኳቸው። ከዚያ ከቡናው ገለባ ጋር ጉድጓድ ገቡ። እርስዎ ማታ “ጎበዝ” ብለው ራሴን ዳበሱኝ። ያ ቀን እስካሁን ደስ ይለኛል፤ አሁን የምጽፈው ያን ለማጥፋት አይደለም።

ግን ልንገርዎ። ስለ ተቀጽላ ያሉት ልክ ነው። ተቀጽላ ሥሩን ዛፉ ውስጥ ሰርስሮ አስገብቶ ውሃውንና ማዕድኑን ይጠጣል። እሱ ይቆረጥ። ኦርኪዷ ግን ከዛፉ የምትወስደው ምንም ነገር የለም። ሥሯ ቅርፊቱን ያቅፋል እንጂ አይወጋም። ያ ነጭ ሥር እንደ ስፖንጅ ነው። ዝናቡንና ጉሙን ይመጥና ይይዛል። ምግቧን በቅጠሏ ራሷ ትሠራለች፤ ሥሯ ራሱ ሲርስ አረንጓዴ ሆኖ ያግዛታል። ዛፉ ለሷ መቀመጫዋ ነው። ከቅርንጫፍ ላይ እንደምታድር ወፍ ማለት ነው። ቅርንጫፉ ደርቆ ሸክም ከበዛበት ሊሰበር ይችላል፤ እሱ እውነት ነው። ጤነኛ ሳሳ ግን አይጎዳም።

በጅማ አካባቢ የቡና ጫካ ውስጥ ያጠኑ ተመራማሪዎችም አሉ። ጫካው ለቡና ተብሎ በተመነጠረና በተጠረገ ቁጥር የዛፍ ላይ ኦርኪዶች እየቀነሱ እንደሚሄዱ አሳይተዋል። አንዴ ከጠፋች ደግሞ መመለሷ ቀላል አይደለም። የኦርኪድ ዘር እንደ ዱቄት ብናኝ ነው። አንድ ፍሬ ውስጥ ብዙ ሺህ፣ አንዳንዱ ውስጥ ሚሊዮን ይኖራል። የቡና ፍሬ ለችግኙ ስንቅ ቋጥሮ ነው የሚወድቀው። የኦርኪድ ዘር ግን ስንቅ የለውም። የሚመግበው ፈንገስ ያለበት ቅርፊት ላይ ካላረፈ አይበቅልም። ስንቱ ነው እንዲህ ያለ ቦታ የሚያገኘው? ከበቀለም በኋላ እስኪያብብ ዓመታት ይፈጃል። እኔ በሦስት ቀን ያወረድኩት ስንት ዓመት የወጣበት እንደሆነ ሳስበው ሆዴ ይባባል።

ሌላም አለ። አስተናጋጇ “ቀን ብታሸተው ምንም የለውም፤ ማታ ግን ክፍሉን ይሞላዋል” አሉኝ። የሚያራባው በሌሊት የሚበርር የእሳት እራት ነዋ። የኛዎቹም እንዲሁ ናቸው፤ ሽታቸው ከመሸ ነው። ይህን ስሰማ እማዬ ትዝ አለችኝ፣ ነፍሷን ይማርና። በረንዳው ላይ ተቀምጣ እራት ከበላን በኋላ “ከወንዙ በኩል የሚሸት ነገር አለ፤ እጣን አይሉት ሽቶ አይሉት” ትል ነበር። እርስዎ “የቡናው አበባ ነው” ይሏታል። “የቡና አበባማ ከረገፈ ወር አለፈው!” ትላለች። ከዚያ እርስዎም ዝም፣ እሷም ዝም። እኔ እማዬ ልክ ነበረች ብዬ አምናለሁ። ወንዝ ዳር ያለው ትልቁ ሳሳ ላይ አንዲት ቀርታ ነበር። ከፍ ብላ ስለነበር እጄ አልደረሰባትም፤ ለእርስዎም አልነገርኩም። ዛፉ አሁንም አለ ወይ?

አሁን ደግሞ ስለ ቤቴ ላውራዎት። እኔም ኦርኪድ አሳዳጊ ሆኛለሁ።

የመጀመሪያዋን ከሦስት ዓመት በፊት ከሱፐርማርኬት ገዛሁ። ፋሌኖፕሲስ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ቅጠሉ ሰፊ፣ አበባው ቢራቢሮ የሚመስል። ባለቤቴ ስትወልድ ነው የገዛሁላት። እማዬ በዘይት ጣሳ የተከለችውን ጤና አዳም ጠዋት ጠዋት ስታጠጣ እያየሁ አይደል ያደግኩት? እኔም ጠዋት ጠዋት አጠጣሁ። ቅጠሉ ሲጠወልግ ውሃ ጠማት ብዬ ጨመርኩላት። በሦስተኛው ወር ከነሥሯ ተነቅላ እጄ ላይ ቀረች። ሥሩ በስብሶ ቡናማ ሆኖ ነበር። ለካስ ሲበሰብስም ሲጠማም ቅጠሉ እኩል ነው የሚጠወልገው። ሥሩን ሳያዩ ቅጠሉን ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም። ለዚህ ነው አሁን ውስጡ በሚያሳይ ፕላስቲክ የምተክላቸው።

ሁለተኛዋ ግን ይኸው በሕይወት አለች፤ ዘንድሮ ለሁለተኛ ጊዜ አብባለች። አያያዟን እንደ ባለሙያ ለባለሙያ ልንገርዎ። አፈር የሚባል ነገር አታገኝም። የምትተከለው በተከታተፈ የጥድ ቅርፊት ውስጥ ነው፤ ሥሯ አየር ይፈልጋል። ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ እኔ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው የማጠጣት። ከነፕላስቲኳ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለሩብ ሰዓት እነክራታለሁ። ከዚያ አውጥቼ ውሃው ጠብ ጠብ ብሎ እስኪያልቅ አቆማታለሁ። ሥሯ ብርማ ሲሆን ጠምቷታል፤ አረንጓዴ ከሆነ ጠግባለች። ልጅቷ ይህን ስለተማረች “አባ፣ ብር ሆናለች!” እያለች የምትነግረኝ እሷ ናት። ከሁሉ የሚያስፈራው ቅጠሎቹ የሚገናኙበት እምብርት ላይ ውሃ ሲተኛ ነው። እዚያ ከተኛ መሃሉ ይበሰብስና አለቀላት። ውሃ ከገባ በለስላሳ ወረቀት መጥጬ አደርቅላታለሁ።

የጠዋት ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ነው የምትቀመጠው። የቀትር ፀሐይ ቅጠሏን ያቃጥለዋል። ይሄ ለእርስዎ አዲስ አይደለም፤ ቡናም በጥላ ነው የሚያምርበት። ቅጠሏ ጥቁር አረንጓዴ ከሆነ ብርሃን አንሷታል ማለት ነው። ደህና ስትሆን እንደ ለጋ ሣር ፈካ ይላል። ብርድ ሲሆን እዚህ የቤቱ ማሞቂያ አየሩን ያደርቀዋል። ስለዚህ ሰሐን ላይ ጠጠር ደርድሬ፣ ውሃ አድርጌ፣ ከጠጠሩ በላይ አስቀምጣታለሁ። ማዳበሪያ ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ሩብ ያህሉን ነው የምሰጣት። በየሁለት ዓመቱ ቅርፊቱ ሲበሰብስ እለውጥላታለሁ። መቀሱን ግን በእሳት ለብልቤ ነው የምጠቀምበት፤ የኦርኪድ ቫይረስ ከተክል ወደ ተክል በስለት ይተላለፋል።

ያበበችበትን ዘዴ ስነግርዎ ይገረማሉ። አንድ ዓመት ሙሉ ቅጠል ብቻ ሆና ተቀመጠች። ባለቤቴ “ጣላትና ሌላ እንግዛ” አለችኝ። እምቢ አልኩ። መስከረም ላይ ማታ ማታ መስኮቱን ትንሽ ከፈት አደረግኩላት። ሌሊቱ ከቀኑ ወደ አምስት ስድስት ዲግሪ ቀዝቀዝ ሲልላት ነው ለማበብ የምትነሳው። በሁለት ወር ውስጥ ከቅጠሎቹ ሥር አንዲት አረንጓዴ ጫፍ ወጣች። ሥር ናት ብዬ ነበር። ሥር ጫፉ ድቡልቡል ነው፤ የአበባ ዘንግ ግን ጫፉ እንደ ጓንት የታጠፈ ነው። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሁሉ ጠዋት ጠዋት እሷን ነው የሚያየው። አበባው ሁለት ሦስት ወር ይቆያል። አሁን ይህን ስጽፍ ስምንት አበባ ይዛ አጠገቤ አለች።

እንግዲህ አባባ፣ የምለምንዎ ነገር ይሄ ነው። ዘንድሮ የጥላ ዛፎቹ ሲገረዙ ሠራተኞቹ ተቀጽላውን ብቻ ይቁረጡ። እነዚያን ወፍራም ቅጠል፣ ነጭ ሥር ያላቸውን ይተዉልኝ። ዛፉን እንደማይጎዱ እርስዎ ከነገሯቸው ይሰማሉ። ከእኔ ይልቅ የእርስዎ ቃል ነው የሚሰማው። ጎረቤቶቹም እርስዎ ያደረጉትን ነው የሚያደርጉት፤ 74110ንም የተከሉት እርስዎን አይተው ነው።

ከጫካ ነቅሎ ማምጣት አያስፈልግም። ግን ከዝናብ በኋላ ቅርንጫፍ ተሰብሮ ሲወድቅ አብራ የወደቀች ካለች፣ መሬት ላይ ትበሰብሳለች። እሷን የእህቴ ልጅ ያንሳልዎ። በረንዳው ፊት ለፊት ያለው ዋንዛ ላይ፣ በቁመትዎ ልክ፣ በሰሜን በኩል ያስጠጋት። ሥሩ ቅርፊቱን እንዲነካ አድርጎ በጨርቅ ገመድ ላላ አድርጎ ይሰራት፤ በሽቦ እንዳያስራት፣ ይቆርጣታል። አፈር አያድርግባት። ፋንድያም አያድርግባት። ዝናብ ካለ ውሃም አያስፈልጋትም፤ በበጋ ብቻ ጠዋት ውሃ ይርጭባት። በጥቂት ወራት አዲስ ሥር አውጥታ ዛፉን ስትይዝ ገመዱን ይፍታ። ከዚያ እርስዎ ወንበርዎ ላይ ሆነው ሊያይዋት ይችላሉ። ወንዝ ድረስ በዚያ ጉልበት አይወርዱም።

ወንዝ ዳር ያለውን ሳሳ ግን ልጁ ሄዶ ከታች ሆኖ ይየው። አደራ፣ እንዳይወጣ። ነጭ አበባ ካየ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ። ያን ማታ ደግሞ እርስዎ እራት ከበሉ በኋላ ጋቢዎን ደርበው በረንዳው ላይ ትንሽ ይቆዩልኝ። ነፋሱ ከወንዙ በኩል ሲመጣ ምን እንደሚሸት ይንገሩኝ። እሁድ እደውላለሁ፤ ያን ቀን እንኳ “አይሰማም” አንባባልም።

የደም ግፊት መድኃኒትዎን እንዳያቋርጡ። ቡናውን ሰው ሲመጣ ላኩልኝ፤ ሁለት ኪሎ ይበቃል። ትልቋ ለአያቷ የሳለችውን የኦርኪድ ሥዕል ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። ሥሩን ብር ቀለም የቀባችው ውሃ ስለጠማት ነው ብላለች።

ጉልበትዎን እስማለሁ።

ልጅዎ